ሰማይን ብቻ የሚከስ ዜና

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል ቤሌም ላይ የተሰበሰበው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 30)፣ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ወስኖ ተበተነ። የ31ኛው ተራ የቱርኳ አንታሊያ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ እንግዶቹ ወደኛ ይመጣሉ። ዜናው በተሰማ ሰሞን ጆሯችን የሞላው በአብዛኛው ስለ ዲፕሎማሲው ድል፣ ስለ ሆቴሎችና ስለ ኮንፈረንስ ቱሪዝም ነበር። ክፋት የለውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎርፍበትን ጉባኤ የሚቀበል ከተማ ስለ አልጋ ማሰቡ አይቀርም። ከልዑካኑ ጋር ግን ከዓለም ዙሪያ ብዙ ጋዜጠኛ ይመጣል። አንዳንዱ ቀደም ብሎ ወደ ቦረና፣ ወደ ጎዴ፣ ወደ ዋግ ኽምራ ይወርዳል፤ ያየውን ጽፎ፣ ያነሳውን ፎቶ ይዞ ይመለሳል። የእኛ ዜና ክፍሎችስ እስከዚያ ምን አሰናድተው ይጠብቁታል?

ይህን የምጠይቀው የሀገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን ስለ አየር ንብረት አይዘግቡም ብዬ አይደለም። ይዘግባሉ፤ እንዲያውም ጉዳዩ ያልገባበት ዜና እየጠፋ ነው። ድርቅ ሲሆን ይነሳል፣ ጎርፍ ሲሆን ይነሳል፣ ወባ ሲዛመት ይነሳል፣ የከተማው ውኃ በፈረቃ ሲሆንም አይቀርም። ያስቸገረው አገባቡ ነው። "በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት" የምትለው ሐረግ ብዙ ጊዜ የምትወጣው ከአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አፍ ነው፤ እሷ ከወጣች በኋላ ጥያቄ የለም፣ ማይክሮፎኑ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ ይዞራል። አበው "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱ ተዛዝለው መጥተዋል፤ የማይከሰሰው በማይታረሰው እያላከከ ያልፋል፣ ዘጋቢውም የተባለውን መዝግቦ ይመለሳል።

ሁለት ሐይቆችን ጎን ለጎን እንያቸው። ሐረማያ ለአሥርት ዓመታት የሐረርን ከተማ ሲያጠጣ ኖሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው አበጠ፤ በ1950ዎቹ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጠው ውኃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ የሸንኮራ ማሳውንና የጅቡቲን መንገድ ሲያስጨንቅ ይኖራል። የሁለቱም ነገር ሲነሳ የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሐረማያን የጨረሱት ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ዕረፍት የሚስቡት ሞተሮች፣ ለከተሞች የሚቀዳው የመጠጥ ውኃና ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ናቸው። በሰቃን በተመለከተ ተመራማሪዎች በዋናነት ጣታቸውን የሚቀስሩት ከአካባቢው ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች እየሰረገ ወደ ሐይቁ በሚገባው ውኃ ላይ ነው። ሙቀት ትነትን ስለሚጨምር የአየር ንብረት ለውጥ እጁን አላስገባም አይባልም። ይሁንና አንዱ ሲደርቅ አንዱ ሲሞላ ለሁለቱም አንድ መልስ የሚሰጥ ዘገባ ምንም አልነገረንም። ፓምፑን ማን ፈቀደ? የመስኖው ትርፍ ውኃ መውረጃ ቦይ ለምን አልተሠራለትም? እነዚህ ጥያቄዎች ስም ያለው መልስ ሰጪ አላቸው። ሰማይ ግን መግለጫ አይሰጥም።

ወባንም እንውሰድ። በ2006 ዓ.ም. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢ የብዙ ዓመት መረጃ መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ደጋው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ የሙቀት ታሪክ ነው፤ እንደዚያው መነገር አለበት። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያመሰው ወረርሽኝ ግን ከእስያ ከገባችና አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለች የትንኝ ዝርያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህቺ ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፣ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በጋን በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። የድሬዳዋዋ እናት ከሬዲዮ መስማት ያለባት "በርሜሉን ክደኚ" የሚለውን ነው። "ዓለም እየሞቀ ስለሆነ ነው" የተባለች እንደሆነ ግን በርሜሉ ክፍቱን ያድራል።

ምዕራባውያን ጋዜጠኞች በዚህ ጉዳይ የወደቁበት ፈተና ከእኛ የተለየ ነበር። ማክስዌልና ጁልስ ቦይኮፍ የተባሉ ወንድማማቾች እ.አ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ታላላቅ ጋዜጦች ለዓመታት የሳይንቲስቱንና የተጠራጣሪውን ቃል እኩል እያቀረቡ፣ በሚዛናዊነት ስም አንባቢውን እንዳሳሳቱ አሳየ። ቢቢሲ እንኳን ለሠራተኞቹ "ሚዛን ለመጠበቅ ካጅ መጋበዝ አያስፈልግም" የሚል መመሪያ ያወጣው እ.አ.አ. በ2018 ነው። ከውጭ በፕሮጀክት የሚመጣልን የሥልጠና ጽሑፍ አብዛኛው ያንን ቁስል ለማከም የተጻፈ ነው። እኛ ዘንድ የአየር ንብረት ለውጥ የለም ብሎ ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ሚኒስትርም ገበሬም አላየሁም። የእኛ ሕመም ሌላ ነው፤ ምክንያቱ ያለ ማስረጃ ሲቀርብልን ወዲያው እናምናለን። ስለዚህ በአምስት ኮከብ ሆቴል የሁለት ቀን ሥልጠና "የአየር ንብረት ለውጥ እውነት ነው" ተብሎ ለእኛ ጋዜጠኛ መነገሩ፣ ከአበሉ በቀር፣ ብዙ የሚጨምርለት ነገር የለም።

የሚጨምርለት የሰማይን ድርሻ ከሰው ድርሻ መለየት መቻሉ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቅርቡ ድርቅ የተሻለ መማሪያ አይገኝም። ከ2013 ጥቅምት እስከ 2015 ታኅሣሥ በቦረናና በሶማሌ ክልል፣ እንዲሁም በጎረቤት ኬንያና ሶማሊያ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ቦረና "ገና" እና "ሀጋያ"፣ ሶማሌው "ጉ" እና "ደይር" የሚላቸው ወቅቶች ናቸው፤ ያ አገር ክረምት የሚባለውን የደጋውን ዝናብ አያውቀውም። (ከአዲስ አበባ የሚጻፉ ዜናዎች "የክረምቱ ዝናብ በመዘግየቱ የቦረና አርብቶ አደር" ሲሉ ሳነብ፣ ጸሐፊው ያቤሎን በካርታም አላያትም እላለሁ።) ከብቱ በሚሊዮን አለቀ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የሚባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ድርቁን መርምሮ ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገለጸ። "100 እጥፍ" የዓለምን ርእሰ ዜና ሁሉ ያዘ። እኛም ዘንድ እንዳለ ተገልብጦ ነበር።

የጥናቱ ሆድ ግን ከርእሱ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል። ሳይንቲስቶቹ ሁለቱን ወቅቶች ለይተው ነው ያዩት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናብ በሙቀቱ ምክንያት የመድረቅ አዝማሚያ አለው፤ እጥረት የመከሰቱ ዕድል በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። የጥቅምትና የኅዳሩ አጭር ዝናብ ግን በተቃራኒው ወደ መብዛት ያዘነብላል፤ በእነዚያ ዓመታት የቀረው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ (ላኒና) ተከታትሎ ስለመጣ ነው። ታዲያ 100ው ከየት መጣ? ከትነት። ያው የዝናብ እጥረት 1.2 ዲግሪ በቀዘቀዘ ዓለም ውስጥ ቢደርስ ኖሮ፣ አፈሩና ሣሩ እንዲያ ስለማይጠወልጉ፣ ወቅቱ ደረቅ ተብሎ ያልፍ እንጂ ያን ያህል ድርቅ አይሆንም ነበር። በአንድ የሬዲዮ ዓረፍተ ነገር ሲነገር፦ ዝናቡ ለምን እንደቀረ የሚያከራክር ነገር አለ፣ የተረፈውን እርጥበት ከመሬቱ የመጠጠው ሙቀት ግን ሰው ያመጣው ነው። ይህን የሚረዳ አድማጭ በማግስቱ ጎርፍ ሲመጣ አይደነግጥም። ደግሞም መጣ። በ2016 ኅዳር የፓስፊክ መሞቅ (ኤልኒኖ) እና የሞቀው የሕንድ ውቅያኖስ ተጋግዘው፣ ከብቱ በውኃ ጥም ያለቀበትን የሶማሌ ክልል ያንኑ መሬት ጎርፍ አጥለቀለቀው። "የአየር ንብረት ለውጥ ድርቅ ያመጣል" ተብሎ ብቻ የተነገረው ሰው ባለፈው ዓመት ዋሽተውኛል ቢል ይፈረድበታል?

ጥናቱ እዚያም አላበቃም፤ ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው ተጋላጭነቱ መሆኑንም ጽፏል። ይህ የሰው ድርሻ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ እዚያው ወረዳ ላይ ይገኛል። የቦረና ሽማግሌዎች በግጦሹ ላይ የሚለቁትን እሳት መንግሥት በ1960ዎቹ ከከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን እየዋጠ መምጣቱን የግጦሽ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ለክፉ ቀን የሚከለለው ካሎ እየታረሰና እየታጠረ ጠበበ። ብልሽት ያጋጠመው የጉድጓድ ጀነሬተር መለዋወጫ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ከእነዚህ አንዱም ከሰማይ አልወረደም።

እንበልና ከአንድ የቆላ ወረዳ እንዲህ የሚል ዜና ደረሰን፦ "በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ በተከሰተው ድርቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ለችግር መጋለጣቸውን የወረዳው አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ገለጹ። ኅብረተሰቡም የተለመደ ድጋፉን እንዲያደርግ ጥሪ አቅርበዋል።" የዴስክ አርታኢ ብሆን መልሼ ደውዬ የምጠይቀው ይህን ነው። የቀረው የትኛው ወቅት ነው፣ ስንት ጊዜ ተከታትሎ? ሚቲዎሮሎጂ ትንበያውን መቼ አወጣ፣ ለወረዳው በየት በኩል ደረሰ፣ ደርሶስ ምን ተደረገ? ስንት የጥልቅ ውኃ ጉድጓድ አላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ውኃ የሚያወጣው ስንቱ ነው? ዞኑን እርዳታ የጠየቃችሁበት ደብዳቤ ቀኑ ስንት ነው? በመጨረሻም ገበያ ላይ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ ትገዛለች፣ ከሦስት ወር በፊትስ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትልቃለች። ፍየሏ እየረከሰች በቆሎው እየተወደደ ከሄደ ረሃቡ በር ላይ መሆኑን ማንም ባለሙያ ሳይነግረን እናውቃለን፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅም ሳንቲም ነው የሚያስወጣው።

የፍየሏን ጥያቄ ያለ ነገር አላነሳሁም። አማርትያ ሴን የ1965–66ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ሀገሪቱ እህል አጥታ እንዳልነበረ፣ የወሎ ገበሬ ግን መግዣውን እንዳጣ ነው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ወርደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ቢያሳዩም፣ በሀገሩ ጋዜጣ ላይ ረሃብ የሚባል ነገር አልነበረም። ለዓለም በፊልም የነገረው በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። እኛ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየነው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ ምስል ቀላቅሎበት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር ነው። እውነቱ የተነገረው የፖለቲካ ጥቅም ሲኖረው መሆኑን ልብ ይሏል። ደርግም በተራው አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር፤ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው ሞሐመድ አሚን የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ጊዜ መንግሥት ሲጠየቅ መልሱ ያው ነበር፤ ዝናብ ቀረ። ዝናቡ እውነትም ቀርቶ ነበር። ያ መልስ ዛሬ ሳይንሳዊ ስም ስላገኘ ብቻ የበለጠ ሙሉ አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. በትግራይና በአማራ ክልል ድርቁና ጦርነቱ ተደራርበው ሰው በተራበ ጊዜም፣ ክርክሩ ረሃብ ነው አይደለም በሚለው ላይ ሲውል፣ ስንቱ የሰማይ ስንቱ የጦርነቱ እንደሆነ ቆጥሮ ያቀረበ የሀገር ውስጥ ዘገባ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

አሁን ወደ ትንበያ እንምጣ፤ መገናኛ ብዙኃን ከማንም በላይ ሊጠቅሙ የሚችሉትና ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ የወርና የአሥር ቀንም አለው። የወቅቱ ትንበያ የሚነገረው በዕድል ነው። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ሊባል ይችላል። ይህ ዜና ክፍል ሲደርስ "ዝቅተኛ ዝናብ እንደሚኖር ተገለጸ" ይሆናል። 55ቱ በመቶ መንገድ ላይ ቀረ። ዝናቡ መደበኛ ሆኖ ሲዘንብ ገበሬው ሚቲዎሮሎጂን ይስቅበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን ቢነግሩትም አይሰማም። መሥሪያ ቤቱ አልዋሸም፣ ያሳጠረው ዘጋቢ ነው ያስዋሸው።

ገበሬውስ ምን ይፈልጋል? የወቅቱ ድምር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ብዙም አያስጨንቀውም። መቼ ይጀምራል፣ ከዘራሁ በኋላ ይቋረጣል ወይ፣ መቼ ይወጣል፤ ጥያቄው ይህ ነው። የወሎ ገበሬ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ በልጉ ከከዳው ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ሌላ ዘር ይጥላል። ውሳኔው የዘር፣ የበሬና የብድር ውሳኔ ነው። "ከመደበኛ በታች" የሚለውን ወደዚህ ውሳኔ የሚያወርድ የአሥር ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም፣ የወረዳው ግብርና ባለሙያና ሁለት ገበሬዎች በአካባቢው ቋንቋ እየተከራከሩበት በየአሥር ቀኑ ቢቀርብ፣ ከመቶ የፓናል ውይይት ይሻላል። ሬዲዮ ዛሬም ለገጠሩ ዋናው ነው፤ ኤፍ ኤሞቹ ግን ከእግር ኳስ ትንተና የተረፈ ሰዓት ያላቸው አይመስልም።

እዚህ ላይ አፋሮች የሚያስተምሩት ነገር አለ። በአፋር በረሃ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እንዳለቀ ዳጉ ይጀመራል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይቀየራል። የት ዘነበ፣ ሣሩ የት ደረሰ፣ ውኃ የት አለ፣ የት በሽታ ገባ፣ ገበያው እንዴት ነው፣ የት ፀብ አለ። ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከማን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል፤ ሐሰት ያወራ ሰው በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተሳሳተ ወሬ መንጋውን ይዞ ወደ ሌለ ሣር የተጓዘ ቤተሰብ ያልቃል። ዜና ክፍሎቻችን በሚኮሩበት የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ይህን ያህል ጥርስ ያለው አንቀጽ አላየሁም። "ምንጮች እንደገለጹት" የሚለው ልማዳችን ዳጉ ላይ ቢቀርብ ሰሚው ተነስቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ሌላውን ጉድለት ያሳያል። ሌሊቱን በዘነበው ከባድ ዝናብ የተናደው አፈር ቤቶችን ቀበረ፤ ጎረቤትና የአካባቢው ሹማምንት የተቀበሩትን ሊያወጡ ሲቆፍሩ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አደጋው ለአንድ ሳምንት የዓለም ዜና ሆነ፤ የሐዘን መግለጫ፣ የእርዳታ ርክክብ፣ የባለሥልጣናት ጉብኝት ተላለፈ። በቀጣዩ ክረምት በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮ ተዳፋት ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ግን ቀላል የሆነው ነገር መነገር ነበረበት፤ ተከታትሎ ሲዘንብ ከቤትህ በላይ ባለው መሬት ላይ ስንጥቅ ካየህ፣ ዛፉ ካጋደለ፣ ምንጩ ከደፈረሰ ልጆችህን ይዘህ ውጣ፤ አንድ ጊዜ ከተናደ ሁለተኛ ይናዳልና ሳይጣራ አትቆፍር። ይህ ሰኔ ላይ፣ በየቋንቋው፣ በየቀኑ የሚነገር ነው። ከአደጋው በኋላ የሚነገር ከሆነ ለሟቹ አይጠቅመውም።

ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ሀገራዊ የአየር ንብረት ቃል ኪዳን እ.አ.አ. በ2030 ልቀቷን በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ገልጻለች። ይህ ሲነገር አድማጩ ዛሬ ካለው ልቀት ላይ የሚቀነስ ይመስለዋል። ቅነሳው የሚሰላው ምንም ባይደረግ በዚያ ዓመት ይደረስበታል ከተባለው መጠን ላይ ነው። ከ68.8ቱም ውስጥ ሀገሪቱ በራሷ አቅም እፈጽመዋለሁ ያለችው 14ቱን ነው፤ ቀሪው የሚፈጸመው የውጭ ገንዘብ ከመጣ ነው። ጠቅላላ ወጪው 316 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። ገንዘቡ ከየት፣ ምን ያህሉስ መጣ ብሎ በየዓመቱ የሚጠይቅ አንድ ጋዜጣ ቢኖረን ለተደራዳሪዎቻችንም ጉልበት ይሆናቸው ነበር።

ቡናም አለልን። በ2009 ዓ.ም. ኔቸር ፕላንትስ ላይ የወጣው የእንግሊዙ ኪው ዕፀዋት ተቋምና የኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ይላል። ይህ ዓለምን ዞረ። እዚያው ጽሑፍ ላይ ቀጥሎ የተጻፈው ግን ብዙም አልተወራለትም፤ ቡናው ወደ ከፍታው ከተዛወረና ደኑ ከተጠበቀ ወይም ከተተከለ፣ ለቡና የሚመቸው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ለሐረርጌ ገበሬና ገና ቡና ላልተከለው የደጋ ገበሬ ዜናው የተለያየ ነው። ግማሹን ጥናት ይዞ "ቡና ሊጠፋ ነው" ማለት ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ችግኝ የት ይተከል የሚለውን አይመልስም።

ችግኝ ካነሳን፣ በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅ ሀገር አብሮ ተደሰተ። እኔም ከመሬቱ መራቆት አንጻር ሥራውን እደግፈዋለሁ። ካሜራው ግን ሁልጊዜ የሚሄደው በተከላው ቀን ነው። ያው ጉድጓድ ላይ በግንቦት፣ ከረጅሙ በጋ በኋላ፣ የሚቆም ካሜራ አይታይም። የጸደቀው ስንት ነው፣ ዝርያው ምንድን ነው፣ መሬቱ የማን ነበር፣ ከብት ከገባበት ማን ይጠየቃል? ተቋሞቹ የራሳቸውን የጽድቀት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሄዶ የሚቆጥር ጠፋ እንጂ። በአንጻሩ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ከዓለም ቀድሞ የተወሰደ እርምጃ ሆኖ ሳለ፣ ዜናው በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪና የታክሲ ዋጋ ዜና ሆኖ አለፈ። ይህ ስሕተት አይመስለኝም። ሰው የሚገባው በኪሱ በኩል ሲመጣለት ነውና፤ የባትሪ ዋጋና የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ወሬ የአየር ንብረት ወሬ ነው፣ ርእሱ ባይለውም።

ይህ ሁሉ ለምን አይሠራም ቢባል፣ የዘጋቢው ስንፍና ብቻ ነው ማለት ግፍ ነው። ወደ መስክ የሚወስደው መኪና ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ወይም የድርጅቱ ነው፤ አበሉንም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ሄዶ የሚያየው የታቀደለትን ማሳ ነው፤ የሚያነጋግረው "ከፕሮጀክቱ ተጠቃሚ" የሆነችውን ሴት ነው። በራሱ ልሂድ ቢል ደመወዙ ለትራንስፖርት አይበቃም፤ በአማራና በኦሮሚያ ብዙ ቦታዎች ደግሞ ግጭቱ መንገድ ዘግቶበታል። ደፍሮ የጻፈም የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት ጋዜጠኛ በማሰር ከሚነሱ የአፍሪካ ሀገሮች አንዷ ናት። ኮፕን ማስተናገድ ይህን ያጋልጣል። ሻርም ኤል ሼክ ላይ እ.አ.አ. በ2022 በተካሄደው ኮፕ ከጉዳትና ኪሳራ ፈንዱ እኩል የተወራው በእስር ቤት የረሃብ አድማ ስላደረገው ግብፃዊ ጸሐፊ አላ አብድልፈታህ ነበር፤ የአዘርባጃኗ ባኩ ላይም እ.አ.አ. በ2024 የታሰሩት የአብዛስ ሚዲያ ጋዜጠኞች ጉዳይ አስተናጋጇን ተከትሏታል። አዘጋጆቻችን ከአልጋው ብዛት ጋር ይህንንም ቢያስቡበት ለራሳቸው ነው።

ከጎዴ ወይም ከጂንካ የመጣ ዘጋቢ እስከ ዛሬ ኮፕን የሚከታተለው ቪዛ ተሰልፎ፣ የውጭ ድርጅት ትኬት ቆርጦለት ከሆነ ነው፤ ያውም ከሺዎች አንዱ ቢሳካለት። በ2020 አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሚነሱት አከራካሪ ጉዳዮች አንዱ በሻርም የተፈቀደው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ነው፤ የሚከፍለውም የሚጠይቀውም ወገን ማስረጃ ይፈልጋል። የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወቅት፣ ስንት ከብት፣ ስንት ኩንታል፣ ስንቱ በሙቀቱ ስንቱ በተበላሸው ጀነሬተር። ይህን በጉባኤው ሳምንት ማዘጋጀት አይቻልም። አንድ ወረዳ መርጦ በልጉንም ክረምቱንም ተመላልሶ የመዘገበ፣ የፍየሏንና የበቆሎውን ዋጋ በየወሩ የጻፈ ዜና ክፍል ብቻ ነው ይዞት ሊቀርብ የሚችለው። ከጉባኤው በፊት ያለው የመጨረሻ በልግ የ2019 በልግ ነው። ጉባኤው የሚከፈተው ደግሞ ሀጋያና ደይር በሚጠበቁበት ሰሞን ስለሆነ፣ አርታኢው ሁለት ዘጋቢ ካለው አንዱን አዳራሹ ውስጥ፣ አንዱን ያቤሎ ማስቀመጥ ይችላል፤ የሁለቱም ዘገባ በአንድ ምሽት ዜና ላይ ይተላለፋል።